ርካሹ ክኒን

በያጁ ያን ቀን ብረት ሳይሆን ሰው መበየድ አምሮት ነበር። የታላቅ እህቱ ክኒን ከገበያ ከጠፋ ሳምንታት አልፈዋል። እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። የሚጥል በሽታዋን ያ ትንሽ ነጭ ክኒን ለዓመታት ጸጥ አድርጎ ስለያዘው ሰፈሩ እንኳን ሕመሟን ረስቶታል። አሁን ግን በየመድኃኒት ቤቱ መልሱ «የለም» ሆነ። ለምን ሲባሉ ትከሻቸውን ይሰብቃሉ።

እንደ አጋጣሚ መደርደሪያ የሚበይደው የመድኃኒት አስመጪ መጋዘን ውስጥ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሥራውን ሊያይ ሲመጣ፣ በያጁ የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ስለ ክኒኑ ጠየቀው።

«እሱ ክኒን እኮ ርካሽ ነው ወንድሜ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ትንሽ እንኳ ሳያፍር። «ትርፍ የለውም። ፋብሪካውም ማምረቱን እየተወው ነው፤ እኛም ማስመጣት ትተናል። አዲሱ አለ፤ ዋጋው ግን ጠንከር ይላል።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ካርቶን ምንድን ነው?»

«ፀጉር የሚያሳድግ ቫይታሚን። እንደ ጉድ ይሸጣል።»

የበያጁ ደም ፈላ። መድኃኒቱ የጠፋው መንገድ ተዘግቶ፣ መርከብ ሰጥሞ አይደለማ! ድሃ የሚችለው ዋጋ ስለሆነ ነው። ለመላጣ ተገኝቶ ለእህቱ ጠፋ። አፉን ሊከፍት ሲል ስልኩ ጮኸ። የእህቱ ጎረቤት ናት፤ እህቱን ልብስ ስትተኩስ ሕመሙ ጥሏት ካውያው ክንዷ ላይ ወድቋል።

ጤና ጣቢያ ሲደርስ ክንዷ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሐኪሙ አዲሱን መድኃኒት ጻፈላት።

«ሁለተኛ እዚያ መጋዘን እግሬ አይረግጥም!» ብሎ ፎከረ በያጁ።

«ተው እንጂ የኔ ጌታ» አለችው እህቱ። «መድኃኒቱን በምን ልትገዛው ነው?»

እውነቷን ነው። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አንገበገበው። ተመልሶ ጥርሱን ነክሶ መደርደሪያውን ጨረሰ፤ ካርቶኖቹ ሲደረደሩበትም ቆሞ አየ። ሒሳቡን ተቀብሎ መድኃኒት ቤት ሲሄድ፣ ፓኬቱ ላይ የተለጠፈው ምልክት የዚያው አስመጪ ሆኖ አገኘው። የድካሙ ዋጋ በሙሉ ወደ መጣበት ተመለሰ፤ ለእሱ የተረፈው የአንድ ወር ክኒን ነው።

ክኒኑን ቤቷ ሲያደርስላት እህቱ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አነጠፈች። ከስፌት ዕቃዋ መካከል ምላጭ አወጣችና በደህናው እጇ ክኒኖቹን ለሁለት ለሁለት መክፈል ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው እታለም? ሐኪሙ ሙሉውን ነው ያለው!»

«ሰምቻለሁ» አለች ቀና ሳትል። «ወሩ ሲያልቅስ?»

ሊቆጣት አፉን ከፈተ፤ የሚቆጣው ግን እሷን አልነበረም። በአንድ እጇ ክኒኑ እየሾለከ አስቸገራት። ምላጩን ተቀበላት፤ እሱ ራሱ ይከፍልላት ጀመር።