«ም» ብቻ ቀርታ

«ጦርነቱ ይቁ» ብላ ጽፋ ብሩሿን መልሳ ቀዩ ቀለም ውስጥ ስትነክር ስልኳ ጠራ። እናቷ ናት።

«ቆመ! ወንድምሽ ዛሬ ቆመ!» እናቷ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር። «በክራንች ሁለት እርምጃ! እንኪ አናግሪው።»

ልጅቷ በባዶ መማሪያ ክፍል ወለል ላይ ለሰልፍ ከተዘረጋው ጨርቅ ተነሣች። የእጅ ጽሑፏ ስለሚያምር ጓደኞቿ «ማተሚያ ቤት» ይሏታል። ታላቅ ወንድሟ አንድ እግሩን ግንባር ትቶ ከተመለሰ ሁለት ወሩ ነው። እሷ ግን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከነማን ጋር እንደምትውል አንድም ቀን አልነገረችውም።

«እሰይ፣ የኔ ጀግና!»

«ተይ አትሸንግይኝ። ምን እየሠራሽ ነው?»

መዋሸት አቃታት። «ጨርቅ ላይ እየጻፍኩ።»

«ምን ብለሽ?»

«ይቁም።»

«ማን? እኔ?» ሳቀ። «ይኸው ቆምኩልሽ እኮ!»

«ጦርነቱ» አለችው።

ሳቁ ተቋረጠ።

«ጓደኞቼ እኮ እዚያው ናቸው» አለ።

«እነሱም እንዲመጡ ብለን ነው።»

«መምጣታቸውንማ ማን ይጠላል? ግን በጨርቅ የሚቆም ከሆነ፣ የእኔን እግር ምን በላው?»

ልጅቷ ዞረባት። ልክ ነኝ እንዳትል የእሱ እግር አለ፤ ተሳስቻለሁ እንዳትል እዚያ የቀሩት ጓደኞቹ አሉ። ሁለቱም እውነት መሰላት፤ ያንገበገባትም ይኸው ነው።

«ደግሞ ሰልፍ ስትወጡ ፊታችሁን ትሸፍናላችሁ አሉ» አላት። «እኔ ስሄድ ፊቴን አልሸፈንኩም።»

«የታወቀ እኮ ይባረራል! ባለፈው ሳምንት ሁለት ልጆች ተባረሩ።»

«እሱን እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ። እማ፣ ስልኩን ያዢልኝ፣ ደከመኝ።» ስልኩ ተዘጋ።

ሰልፉን የሚመራውና በድምፁ ጉልበት «ማይክ» የሚባለው ልጅ በሩን በርግዶ ገባ። «ማተሚያ ቤት! ሰው ሁሉ ውጭ እየጠበቀ ነው። አንዲት «ም» ይህን ያህል ታቆያለች?»

«ግን ልክ ነን?»

«አሁን ነው ይሄ የሚጠየቀው? በፈጠረሽ ጨርሺው!»

ተንበርክካ «ም»ን ጻፈቻት። የፊደሏ እግር ተንጋደደ። ማተሚያ ቤት እንዲህ ስትጽፍ ያኔ የመጀመሪያዋ ነበር።

ማይክ ማስክ አቀበላት። ተቀብላ ኪሷ ከተተችው።

«አብደሻል እንዴ? ያውቁሻል እኮ!»

«እኔ እንጃ» አለችና የጨርቁን የፊት ጫፍ አነሣች።