የጋሼ ሪዝና ቀድሞ የወሰነው ጭንቅላት

ፀጉር አስተካካዩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ችግሩ ሬዲዮ ማዳመጡ ነው። ሲያዳምጥ ደግሞ አርፎ አይደለም፤ ያመነበትን ነገር ሁሉ አንገቱን እየነቀነቀ ያጸድቃል። ይህን የሚያውቁ ደንበኞቹ ትምህርታዊው ፕሮግራም ሲጀምር ጉሮሯቸውን ለምላጭ አይሰጡም።

የዚያን ቀን ጠዋት ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ግን ይህን የሚያውቁ አልነበሩም። ፀጉር አስተካካዩ ሊያገባት የጠየቃት ልጅ አባት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪ ያንቀጠቀጡበት ሪዝ ባለቤት። ልጃቸውን ይስጡት አይስጡት ገና አልወሰኑም። የመጡት ሪዛቸውን ሊያስከረክሙ ብቻ ሳይሆን ሰውየውንም ሊመዝኑ ነው።

አንድ ምሁር በሬዲዮ፣ «ሰው ‘እኔ ወሰንኩ’ ይላል እንጂ ጭንቅላቱ ቀድሞ ጨርሶታል» አለ። ፀጉር አስተካካዩ ደስ አይበለው? ከልጅነቱ ጀምሮ ሲቆጡት የኖሩበት ሁሉ የእሱ ጥፋት አልነበረም ማለት ነው! አንገቱን በኃይል ነቀነቀ። ምላጩም አብሮ ተነቀነቀ። የሪዙ ግራ ጎን ፎጣው ላይ ዱብ አለ።

አባት መስታወቱን አዩ። «ምን አደረግህ?»

«እኔ አይደለሁም፣ ጋሼ!» አለ፣ ላብ እያጠመቀው። «ምሁሩን ሰምተዋል። ጭንቅላቴ ቀድሞ ወስኖ ነው። እኔ የደረስኩት ካለቀ በኋላ ነው።»

እንዲህ የሚል ሰው ምላጭ ይዞ መቆም አልነበረበትም፤ እሱ ግን ቆሟል።

አባት አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለው ነበር።

«ልጄን ላግባት ያልከውስ? እሱንም ያለው ጭንቅላትህ ነው?»

«ኧረ እሱማ እኔ ነኝ!»

«ደጉ ሲሆን አንተ፣ ክፉው ሲሆን ጭንቅላትህ? ነገ ጥለሃት ብትሄድ ማንን ልክሰስ? ጭንቅላትህን አስቀርቼ አንተን ልሸኝህ?»

ፀጉር አስተካካዩ ነገሩን አሰላው። ከጥፋቱ ነፃ ልውጣ ካለ ፍቅሩም የእሱ አይደለም። ፍቅሩ የእኔ ነው ካለ ደግሞ ሪዙ አንገቱ ላይ ሊንጠለጠል ነው። ወደ ሬዲዮው ዞር አለ፤ ምሁሩ ተሰናብቶ ዘፈን ተጀምሯል። ልጅቷን ማጣት ፈራ፣ በጣም ፈራ።

«እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «የላጨሁት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

አባት ወንበሩ ላይ ተመቻቹ። «በል ቀሪውንም አንሣልኝ። ይሄኛውን ግን አስበህበት።»

አስቦ መላጨት ለካ ከባድ ነው፤ ማሳበቢያ የለውም። ፀጉር በፀጉር እየላጨ ጨረሰ። ከአባት ከንፈር በላይ ትንሽ ደም ብቅ አለች።

«እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

አባት ደሙን በፎጣ ጫን አድርገው ያዙ።

«የሠርጉን ቀን ቁረጥ» አሉት። «አንተው ራስህ።»