የኦቾላን ጥርስ የሰበርኩ ቀን

ኪሱሙ ከተማ ውስጥ በምንሠራበት ሆስፒታል፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት እኛ ማኅበራዊ ሠራተኞች ዓይናችንን ጨፍነን እንተነፍሳለን። ይህን ጣጣ ያመጣብን አለቃችን ኦዊቲ ነው።

«ንዴት ሲመጣ አትታገሉት፣ አትታዘዙት። የት እንዳረፈ ብቻ እዩት» ይለናል።

«የእኔ እጄ ላይ ነው የሚያርፈው» አልኩት።

«አንቺ አፖንዲ፣ ያንቺስ ምላስሽ ላይ ነው» ሲል ሁሉም ሳቁብኝ።

ያን ዕለት ቃጠሎ ክፍል ስገባ አውኦር ነቅታ ጠበቀችኝ። ባሏ ኦቾላ የፈላ አጥሚት ደፍቶባት አንገቷና ደረቷ ተልጦ ነው የመጣችው። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ «ድስቱ አምልጦኝ ነው» ስትል ከርማ፣ አሁን እጄን ያዝ አደረገችና «ያቺን ስትጠይቀኝ የነበረችውን ፖሊስ ጥሪልኝ። እናገራለሁ። እዚያ ቤት ከተመለስኩ ይገድለኛል» አለችኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ወዲያው ደወልኩ፤ ፖሊሷም መጣሁ አለች።

እሷ ሳትደርስ ማን ቢገባ ጥሩ ነው? ኦቾላ! ሸሚዙን ተኩሶ፣ ሙዝ በፌስታል አንጠልጥሎ።

«የአሌጎ ልጅ፣ አማረብሽ እኮ!» አላት በትውልድ አገሯ ስም እየጠራ፣ እየሳቀ። «አሁን ማን ዞር ብሎ ያይሻል? ተነሺ እንሂድ።» ይህን ብሎ በአውራ ጣቱ ፋሻዋን ጫን አደረገው። ጩኸቷ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ትምህርቱ አልጠፋኝም፣ እውነቴን ነው። ተነፈስኩ። ንዴቴን ፈለግሁት፤ ደረቴ ላይ ነበር፣ ከዚያ ትከሻዬ ላይ፣ ከዚያ ጣቶቼ ላይ። ጥርት አድርጌ አየሁት። ከዚያ የብረቱን ፖፖ ከአልጋው ሥር አንስቼ አፉ ላይ አሳረፍኩበት። ሁለት ጥርሱ ከነደሙ ወለሉ ላይ ተበተነ። ወደቀ። ደገምኩት፤ ሠለስኩት። «እሰይ! አንተም ቅመሳት!» እያልኩ፣ ጥበቃዎቹ ከኋላ አንቀው እስኪይዙኝ ድረስ። ልዋሽ እንዴ? ጣፍጦኝ ነበር።

ቀና ስል አውኦር ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች። «አይዞሽ የኔ እህት፣ አለቀ» ብዬ እጄን ዘረጋሁላት። ፊቷን በሁለት ክንዷ ሸፈነችብኝ።

ፖሊሷ ደርሳ መዝገቧን ገለጠች። «ማን ነው ያቃጠለሽ?»

«ማንም» አለች አውኦር።

«ባልሽንስ እንዲህ ያደረገው?»

ያኔ ቀጥ ብላ አየችኝ። «እሷ ናት» አለች።

እኔን ወደ ጣቢያ ሲወስዱኝ፣ እሱ በአንድ እጁ አፉን በፎጣ ይዞ፣ በሌላው ክንዷን ጨምድዶ ወደ ቤታቸው ይዟት ሄደ።