ባለ ዘውዱ ጠመንጃ

ጠመንጃ አውቃለሁ ብዬ ያወራሁት በገዛ ሠርጌ ቀን ነው። ጠላው ጥሩ ነበር። በቀበሌ የሦስት ሳምንት ሥልጠና ወስጄ ስለነበር ስለ ዒላማውም ስለ ቃታውም ብዙ ተናገርሁ፤ የሠለጠንነው ከባሕር ዛፍ በተጠረበ ጠመንጃ መሆኑን ግን ለሠርገኛው ሳልነግር ቀረሁ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ አማቼ አቶ ቢያዝን ከመሸንቲ በእግራቸው ባሕር ዳር ድረስ መጡ። በቆሏቸውን ከርከሮ ስለጨረሰባቸው የገበሬ ማኅበሩ መሣሪያ እንዲገዙ ወረቀት ጽፎላቸዋል። እዚሁ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ቀበሌ የሚኖሩት እማሆይ ወለተ ኪዳን ደግሞ የሟች ባላቸውን ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ በአንድ በሬ ሊሰጡ ነው። አማቼ ያላቸው ሁለት በሬና አንድ ወይፈን ብቻ ነው። አንዱን በሬ ከሰጡ በቀረው ከጎረቤት ጋር ተቀናጅተው ያርሳሉ። እኔ የተፈለግሁት ጠመንጃው በሬ የሚያወጣ መሆኑን እንድመረምር ነው። ከምሠራበት ፋብሪካ ጽሕፈት ቤት የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቄ፣ ሸሚዜን ለውጬ ሄድሁ። ጠመንጃ ልመረምር ሸሚዝ መለወጤ ራሱ ብዙ ይናገራል።

እማሆይ ቆብ ከደፉ ወር አልሞላቸውም፤ ወደ ገዳም ሊገቡ ንብረታቸውን እየለቀቁ ነው። ሽያጩን የያዘው የሟቹ ወንድም ተክለ ጊዮርጊስ ጠመንጃውን ከጋቢ ፈትቶ አቀበለኝ። በእጄ መዘንሁት። ሰደፉን አንኳኳሁት። ከዚያም አሸተትሁት፤ ለምን እንዳሸተትሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። ከመሐሉ ታጥፎ እንደሚከፈት ሰምቻለሁ፤ ብጫነው፣ ብስበው ግን ወይ ፍንክች። ላቤ ሲመጣ፣ ጥሩ መሣሪያ በጥድፊያ አይከፈትም አልኋቸው።

ይህን ጊዜ ከብረቱ ላይ የተቀረጸች ትንሽ ዘውድ አየሁ። ከሥሯ የፈረንጅ ፊደል አለ። በኋላ እንደሰማሁት፣ የሠሪዎቹ አገር ፍተሻ ያለፈውን ጠመንጃ ሁሉ የሚያትምበት ምልክት ነው። እኔ ግን ዘውድ አይቼ ዝም ልል አልቻልሁም።

«ይህ የቤተ መንግሥት ሽልማት ነው» አልሁ። «እንዲህ ያለው ባገሩ ሦስት አይገኝም።»

ለገዢ የቆምሁ መሆኔን ጨርሶ ረስቼዋለሁ። ተክለ ጊዮርጊስ ተነሥቶ በሩን ዘጋ፤ በዚያ ዘመን ዘውድ የሚል ቃል ወደ ውጭ አይለቀቅም። ተመልሶ ሲቀመጥ ግን እንዲህ ያለ ዕቃ በአንድ በሬ እንደማይሄድ፣ ሁለት እንደሚገባው ተናገረ።

«ልጄ ካለ አለ» አሉ አማቼ። «ሁለቱንም ውሰዱ።»

ዝም ብል ክብሬ ይተርፋል፤ ሽማግሌው ግን ለመጪው ክረምት በዶማ ሊቆፍሩ ነው። የባለቤቴ የአገርነሽ ፊት ታየኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«እኔ ጠመንጃ አላውቅም» አልሁ። «የተማርሁት በእንጨት ነው። ይህም በየት በኩል እንደሚከፈት አላውቅም።»

እማሆይ ከተቀመጡበት ተነሥተው ከእጄ ወሰዱት። ከላይ ያለችውን መክፈቻ በአውራ ጣታቸው ገፋ ሲያደርጓት ጠመንጃው ታጥፎ ተከፈተ። ወደ መስኮቱ አንሥተው አሳዩን፤ የቀኙ ያበራል፣ የግራው ውስጡ በዝገት ተበልቷል፣ ጫፉም ተሰንጥቋል። ባላቸው በግራው ተኩሰው እንደማያውቁ፣ የሰው ዐይን የሚያጠፋ ነገር ሸጠው ገዳም እንደማይገቡ ነገሩን። በሬውም በዛ፣ ወይፈኑ ይበቃል አሉ። ተክለ ጊዮርጊስ አፈጠጠብኝ።

ጠመንጃውን ተሸክሜ አማቼን እስከ ከተማው መውጫ ሸኘኋቸው። ይቅርታ ስጠይቃቸው አልተቆጡም።

«ስታሸተው ነው የነቃሁብህ» አሉ። «ባለ ሁለት አፈሙዙን ባላውቅም፣ ሰው ሲዋሽ አውቃለሁ።»

ታዲያ ሁለቱንም በሬ ለምን እሺ እንዳሉ ጠየቅኋቸው።

«የልጄን ባል በሰው ቤት ውሸታም ላስብለው ኖሯል?»

ጠመንጃውን ከትከሻዬ ተቀብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ፤ እኔ ያን ሸሚዝ እንደለበስሁ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ አውቃለሁ ከማለቴ በፊት በሬ እቆጥራለሁ።