ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ራም

እኔ ሀያቱ በኬንያዋ ሞያሌ አራት ኮምፒዩተር ይዤ ልጃገረዶች አስተምራለሁ። በፈረንጆቹ 2006 ኖቬምበር ዝናቡ አበደ። የናይሮቢን መንገድ በየቦታው ቆረጠው፤ ስልካችንንም ዘጋው። ይህ አልበቃ ብሎት የክፍሌን ቆርቆሮ አልፎ አንዱ ኮምፒዩተር ላይ ወረደ። ፈትቼ አደረቅሁት። የሞተችው ራሟ ብቻ ናት፤ ከማበጠሪያ የማትበልጥ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ሜጋባይት የምትይዝ የማስታወሻ ቁራጭ፤ ያለሷ ግን ኮምፒዩተሩ አይነሳም።

ፈተናው አስር ቀን ቀርቶታል። ደንቡ ለአንድ ተፈታኝ አንድ ኮምፒዩተር ይላል፤ ተፈታኞቼ ደግሞ አራት ናቸው። የምትቀረውን ለመለየት ዕጣ ብናወጣ ጡሪ ላይ ወደቀ። ጡሪ ዳበል ከሚባለው የገጠር መንደር የመጣች ልጅ ናት። አባቷ የፈቀደላት አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ሰርተፍኬት ይዛ ካልገባች ባል ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል። ጓደኞቿ አለቀሱላት። እኔ ግን ተናደድኩ። ዝናብ ዘነበ ብዬ ልጄን አልሰጥም።

በኢትዮጵያ በኩል ያሉት ሱቆችም የሚሸጡት ከናይሮቢ የመጣ ዕቃ ስለሆነ ባዶ ናቸው። የቀረኝ ጃቢር ነበር። ጃቢር አብሮ አደጌ ነው፤ ድንበር እየተሻገረ ፍየል ይነግዳል፤ ቢሮው ውስጥ ካርታ የሚጫወትበት ኮምፒዩተር አለው። ራሟን ለአንድ ቀን አውሰኝ ብዬ ለመንኩት። ለአንዲት የዳበል ልጅ ብሎ ጨዋታውን እንደማያቋርጥ እየሳቀ ነገረኝ። ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ።

ከዚያ ጡሪን ይዤ ነጋዴዎች መልእክት ወደሚልኩበት ሬዲዮ ቤት ሄድኩ። መልእክቱን በሬዲዮ ተቀብሎ ናይሮቢ ላለው ወንድሜ ለሊበን የሚያደርሰው ማርሳቢት ያለ ሰውዬ ነው። አማርኛዬ አልገባው ሲል ጡሪ ማይኩን ተቀብላ በኦሮምኛ ጮኸችለት፤ ራም፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት። ሬዲዮው እየተንጫጫ ነው። ሰውዬው ገባኝ አለ።

በስምንተኛው ቀን ካርቶኑ ደረሰ። ሎሪው መንገድ ላይ ቱርቢ ከተማ ጋ ጭቃ ውስጥ ቢቀር በትራክተር፣ ትራክተሩ ቢቀር በአህያ ነው የመጣው። ከፈትነው። ክኒን ነው፤ አውራ ጣት የሚያክል የከብት ክኒን። ሊበን በወረቀት ጽፎልኛል፤ «እንዳልሽው የራሞ ዳዋ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ፍሬ። አንድም አልጎደለም።»

ራሞ በኦሮምኛ ትል ነው፤ ዳዋ ደግሞ መድኃኒት። በዝናብ ሰሞን ከሞያሌ እንዲህ ብሎ የሚጮህ ሰው ከትል መድኃኒት ሌላ ምን ሊፈልግ ይችላል? ጡሪ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ፤ ሳቄ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ።

ሞያሌ ውስጥ ወሬ መንገድ አይቆረጥበትም። ከሰዓት በኋላ ጃቢር ደጄ ላይ ቆመ። ኦዳ መንደር ላይ ያሰባሰባቸውን ፍየሎች ከዝናቡ በኋላ ትል እየጨረሰበት ነው፤ የመድኃኒት ሱቁም እንደኔው ሎሪ ይጠብቃል። የፈለግሽውን ዋጋ ጥሪ አለኝ። ሄጄ ካርቶኑ ላይ ተቀመጥኩ።

«ብርህንም ሽልንግህንም አልፈልግም። ራሟን ነቅለህ አምጣ» አልኩት።

«ለአንድ ቀን?»

«ለአንድ ቀን የለመንኩህ ያኔ ነው። አሁን ጭራሽ አትመለስም።»

አብሮ አደግ አይደለንም ወይ ብሎ ሊያባብለኝ ሞከረ። ፍየሎችህ እየጠበቁህ ነው አልኩት። ሰዓት ሳይሞላ በመሀረብ ጠቅልሎ አመጣት፤ ክኒኑንም ተሸክሞ ሄደ። ራሟን የሰካቻት ጡሪ ራሷ ናት። ኮምፒዩተሩ አንዴ ጢጥ አለና በራ።

በፈተናው ጠዋትም ዝናቡ አላባራም። ተፈታኞቼ አራት ነበሩ፤ አራቱም ተቀመጡ። ወረቀቱ ሲታደል እኔ ውጭ በመስኮቱ በኩል ቆሜ ነበር። ጡሪ የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበበችና ቀና ብላ አየችኝ፤ ሳቋን መያዝ አቅቷታል። ኋላ ስትነግረኝ ጥያቄው ራም ምን እንደሆነ ግለጹ ይላል። ትል እንዳልሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። የሻሿን ጫፍ ወደ ኋላ ወርውራ መጻፍ ጀመረች።