የምላጩ ተረኛ

«ተረኛ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ ነጩን ጨርቅ አራግፎ ወንበሩ ላይ ዘረጋው። የተነሳ የለም።

አግዳሚው ላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው፣ የታክሲ ሾፌሩ፣ ያልጮኸ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። «መጣሁ፣ መጣሁ፣ እየደረስኩ ነው!» እያለ ተነሳና በሩ አጠገብ ካለው ሳጥን ብር ከተተ። ከሳጥኑ ኋላ የተቀመጠችው የፀጉር አስተካካዩ ሚስት አመሰገነችው። ጢሙን እንዳንጨፈረረ ወጣ።

ቀኑ የተዘጋጀው ለሆስፒታሉ ገንዘብ ለማሰባሰብ ነው። አምና አንድ ጠዋት የፀጉር አስተካካዩ ጣቶች ደነዘዙ፤ በሳምንቱ እግሩም እጁም ከዱት፤ ቀጥሎ ትንፋሹን እንኳ ማሽን ተረከበው። ነርቭ የሚያጠቃ በሽታ ነው ተባለ። ሰፈሩ ተስፋ ቆርጦ ሳለ በአራተኛው ወር ጣቱን አንቀሳቀሰ፤ በዘጠነኛው በገዛ እግሩ ቤቱ ገባ። መራመድ እንደገና ያስተማረው የሆስፒታሉ ክፍል ያለው አንድ ያረጀ አልጋና አንድ መደገፊያ ብረት ብቻ እንደሆነ ሲያወራ፣ ጎረቤቶቹ «እንግዲያው እኛ እናሟላዋለና» ተባባሉ። ዛሬ የሚላጭ ሁሉ የሚከፍለው ለክፍሉ ዕቃ መግዣ ነው የሚል ማስታወቂያ በየበሩ ተለጠፈ።

ሳጥኑ እየሞላ ነው። ወንበሩ ላይ ግን ከጠዋት ጀምሮ ሰው አልተቀመጠም። አንዱ ስብሰባ አለበት፣ አንዱ ትናንት ተላጭቷል፣ የአንዱ ቆዳ ምላጭ አይስማማውም። ይኸው ቆዳ ሃያ ዓመት በዚሁ ምላጭ ሲላጭ ኖሯል! ደግ ሰዎች ናቸው፤ ፀጉር አስተካካዩን ያንገበገበውም ደግነታቸው ነው። እነሱ የሚሰጡት ለበሽተኛ ነው፣ እሱ የሚፈልገው ደንበኛ ነው። የሚያውቁት ሰዎች ዛሬ ካልተቀመጡለት፣ ነገ ማን ይቀመጥለታል?

አግዳሚው ላይ የቀሩት ጆሯቸው ከበድ የሚለው ጡረተኛ መምህር ናቸው።

«ጋሼ፣ ተራዎ ነው።»

«እ?»

«ተራዎ ነው! ይምጡ፣ ጢምዎን ላንሳልዎት።»

መምህሩ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሚስት ዞሩ። ሹክ ያሉ መስሏቸው ቤቱን አናጉት። «ልጄ፣ እጁ ገና ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ ከተው ይሂዱ ብለሽኝ የለ? አሁን ምን ልበለው?»

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አስቀመጠ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።» ቀና ብላ አላየችውም።

«ለሁሉም ነው የነገርሽው?»

«ለሁሉም። ምን ላድርግ? ጓዳ ሆኜ ፊኛ ሲፈነዳ የምሰማው እኔ ነኝ!»

የፊኛው ነገር እጁን እንዲያለማምድ የሐኪሞቹ ምክር ነው፤ ነፍቶ፣ የሳሙና አረፋ ቀብቶ፣ እንደ ሰው ጉንጭ መላጨት። በመጀመሪያው ሳምንት ሰባት ፈንድተውበታል።

«እሱ የመጀመሪያው ሳምንት ነው» አላት። «ከዚያ ወዲህስ ስንት ሰማሽ?»

ልትቆጥር ጣቶቿን ዘረጋች፤ የምታጥፈው ግን አጣች። ለካ ቆይቷል። ፍርሃቷ ጆሮዋ ውስጥ ቀርቶ ነው እንጂ ፊኛው መፈንዳት ካቆመ ሰንብቷል።

«አንድ ሰው ብትቆርጥ» አለች፣ «ሁለተኛ ምላጭ አትነካም። አውቅሃለሁ። ያኔ አልጋ ላይ ያየሁህ ይበቃኛል።»

«ማንም ካልተቀመጠልኝስ?»

ተነስታ ሳጥኑን መምህሩ ጭን ላይ አኖረችው። «ጋሼ፣ አንዴ ይያዙልኝ።» ሻሿን ፈትታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና አንገቷን አቀረቀረች።

«ማጅራቴ ላይ ያደገውን አንሳልኝ» አለች። «በምላጭ።»

አረፋውን ሲቀባት እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሷም ተሰምቷታል። የወንበሩን መደገፊያ ጨበጠች። ምላጩ ቆዳዋ ላይ ሲያርፍ ግን እጁ የቆየ ሥራውን አወቀና ረጋ። አንዴ ሳበ። ጠረገ። ደግሞ ሳበ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ማየት ስላቃተው ቆም ብሎ በክንዱ አበሰው።

«ደም የለም!» ብለው ጮኹ መምህሩ፣ አንገታቸውን አስግገው። «ከሷ ቀጥሎ እኔ ነኝ!»

ደጅ ተሳፋሪ ሲጠብቅ የነበረው ሾፌር ጩኸቱን ሲሰማ ከመኪናው ወርዶ በበሩ ብቅ አለ። ወንበሩ ላይ ያለችውን ሲያይ ግራ ገባው።

«እጁ ገና ነው አላልሽም?»

ሚስትየው እንዳቀረቀረች ናት፤ መደገፊያውን የጨበጡት ጣቶቿ ግን ተፍታተዋል።

«ከጋሼ ቀጥሎ ነህ» አለችው። «ተራህን ያዝ።»