ሰላም ያገኘሁበት ሐሙስ

ወንድሜን ወንድይራድን ለቀበሌ አሳልፌ የሰጠሁት ተንበርክኬ ጸልዬ ነው። በ1970 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ሐሙስ ጠዋት። ያን ጠዋት ሳስብ እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ የሚመጣው የሻይና የዳቦ ጣዕም ነው። ከጸሎቱ በኋላ በደንብ በልቼ ነበርና።

የምንኖረው የካ ላይ፣ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት ከሚጀምርበት አጠገብ፣ ከባሕር ዛፉ ስር ባለች የጭቃ ቤት ነበር፤ እኔ፣ ባለቤቴ ጉተማና ወንድይራድ። እናታችን ስትሞት ወንድይራድ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ «እትዬ» ነበር የሚለኝ። ጉተማ ከወለጋ ሲመጣ የወንጌል አማኝ ነበር፤ ሳገባው እኔም በእሱ እምነት ገባሁ።

ቤታችን ውስጥ ያለ ጠዋት ጸሎት የሚወሰን ነገር አልነበረም። ጎህ ሲቀድ ጉተማና እኔ ክርናችንን አልጋው ላይ አስደግፈን እንንበረከካለን። የዕለቱን ጉዳይ አንድ በአንድ ለጌታ እናቀርብና ዝም ብለን እንጠብቃለን። ልባችን ያረፈበት፣ «ሰላም ያገኘንበት» የምንለው ነገር ይደረጋል፤ ልባችን የታወከበት ይቀራል። እንዲህ ያስተማረን ወንድም አዱኛ ነው፤ እሁድ እሁድ በየቤቱ ተደብቀን ስንሰበሰብ የሚመራን እሱ ነበር። ጉተማ ጫማ ለማስጠገን እንኳ ሰላም ካላገኘበት አይሄድም።

ወንድይራድ ይስቅብን ነበር።

«ጋሼ፣ ዛሬ ጌታ ስለ ሽሮው ምን አለ?» ይላል ፊቱን እየታጠበ።

«አንተ አፍህን ሰብስብ!» እለዋለሁ።

«ይወፍር አለ ወይስ ይቅጠን? ቁርጡን ንገሩኝ እንጂ፣ ትምህርት ቤት ረፈደብኝ።»

ጉተማም ሳቁን መያዝ አቅቶት ፎጣ ይወረውርበታል።

አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ደርግን የሚቃወም ወረቀት በትኖ ነበር፤ እኔ ያወቅኩት ሁለቱ ጓደኞቹ ከተያዙ በኋላ ነው። ሰኞ ዕለት የቀበሌው መኪና በድምፅ ማጉያ እየለፈፈ በሰፈሩ ዞረ። እስከ ዓርብ መጥቶ ራሱን ያጋለጠ ምሕረት ይደረግለታል። ያልመጣውም፣ የደበቀውም እርምጃ ይወሰድበታል። ከቅዳሜ ጀምሮ ቤት ለቤት ይፈተሻል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ነጅመዲን በጓሮ በኩል ገባ። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ሚስቱ ኩልሱም ከእህት የማትለይ ጓደኛዬ ነበረች።

«ነገ ወደ ደሴ እወጣለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እህል ለማምጣት ነው፤ ስሄድ የምጭነው ባዶ ጆንያ ብቻ ነው። ልጁን ከጆንያው ስር አስተኝቼ ከሚሴ፣ እናቴ ዘንድ አደርሰዋለሁ። እናቴን ታውቂያት የለ? ወተት እያጠጣች ጥጃ ታደርገዋለች እንጂ ለማንም አትሰጠውም።»

«ኬላውስ?»

«ኬላው ያው ኬላ ነው። አንዳንዴ ይፈትሻሉ፣ አንዳንዴ አይፈትሹም። አልዋሽሽም። አስራ አንድ ተኩል ላይ ሞተር አስነሳለሁ፤ እስከ አስራ ሁለት እጠብቃችኋለሁ።»

«ነገ ጠዋት ጸልየን እንነግርሃለን» አልኩት።

ትንሽ አየኝና ፈገግ አለ። «እኔም እሰግዳለሁ፣ ወርቅአየሁ። ከሰገድኩ በኋላ ግን መሪውን የምይዘው እኔው ነኝ።»

ወንድይራድ ሁሉንም ሰምቷል። ነጅመዲን ከወጣ በኋላ «እኔ በመኪናው ብሄድ ይሻለኛል» አለ። «እዚያ ቀበሌ ያሉትን ልጆች አውቃቸዋለሁ እትዬ። አንዱ አብሮኝ ኳስ ይጫወት ነበር፤ አሁን ጠብመንጃውን ሲያሻሽ ነው የሚውለው። ግን ያልሽኝን አደርጋለሁ። ለእኔ ከአንቺ በላይ ማን አለ?»

ሐሙስ ሊነጋ ሲል የነጅመዲን ሞተር ተነሳ። እኛ ተንበርክከናል። ሌሊቱን አብሮት ያደረ የጉተማ ፍርሃት በላብ መልክ ከብብቱ ይሸተኛል፤ አፉ ፈጥኖ ፈጥኖ ይተነፍሳል።

መጀመሪያ መኪናውን አቀረብኩ። ልቤ ይደልቅ ጀመር። ጆንያው ሲገለጥ ታየኝ። ነጅመዲን ሲደበደብ፣ ቅዳሜ ፈታሾቹ መጥተው «ወንድምሽ የት አለ?» ሲሉኝ፣ ጉተማን እጁን የፊጥኝ አስረው ሲያወጡት ታየኝ።

ቀጥሎ ቀበሌውን አቀረብኩ። ልጁ በራሱ እግር ሄዶ ሲመዘገብ። ቅዳሜ ፈታሾቹ መጥተው «የእናንተ ተመዝግቧል» ብለው ሲያልፉ። ደረቴ ውስጥ ሙቀት ተሰራጨ፣ ልክ እንደ ቀለጠ ቅቤ። ትከሻዬ ወረደ። እንባዬ መጣ።

«ሰላም አገኘሁበት» አልኩ።

«እኔም» አለ ጉተማ። የቱን እንኳ አልጠየቀኝም። ያኔ ግን ለሁለታችንም አንድ መልስ መምጣቱ ማረጋገጫ መሰለኝ።

ወንድይራድ ጫማውን አስሮ፣ ሹራቡን ደርቦ በር ስር ተቀምጦ ነበር። ስነግረው የጫማውን ማሰሪያ ፈታ፣ መልሶ አሰረ።

«እርግጠኛ ነሽ እትዬ?»

«ጌታ አሳይቶኛል።»

ለዚህ ምን መልስ ይሰጣል? ማን ይከራከረዋል? አስራ ሁለት ሰዓት አልፎም መኪናው ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ወደ ኮተቤ አቅጣጫ ሲሄድ ድምፁ እየራቀ ጠፋ።

ነጭ ሸሚዙን በከሰል ካውያ ተኮስኩለት፣ ጨዋ መስሎ እንዲታያቸው። ሶስት ሰዓት ላይ ሄደ። እሱ በሩን እንደዘጋ ቁርስ አቀረብኩ። ከሰኞ ጀምሮ ምግብ አልወርድልኝ ብሎ ነበር፤ ያን ጠዋት ግን ዳቦውን በሻይ እየነከርኩ በላሁ፣ ሁለተኛ ብርጭቆ ቀዳሁ፣ ጣቴ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ ሳይቀር ላስኩ። ወንድሜ እዚያ ስሙን ሲናገር እኔ እዚህ ጣቴን እየላስኩ ነበር።

ያኑ ዕለት ልጠይቅ ስሄድ የቀበሌው ዘበኛ «ምሳውን ቤቱ ይበላል» አለኝ። ዓርብ «ምርመራ ላይ ነው» አለኝ። ቅዳሜ የወሰድኩትን ምግብ ተቀበለኝ፤ ስወጣ ዞር ብዬ ባይ ራሱ እየበላው ነው፣ ወጡ በአገጩ ይወርዳል። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ፈታሾቹ ሰፈራችን ደረሱ። የኩልሱምን ቤት ፍራሽ ቀደዱ። የእኛ በር ላይ ሲደርሱ አንዱ ወረቀቱን አየና «እነዚህ ልጃቸውን አስመዝግበዋል» ብሎ አለፈ። በጸሎቴ እንዳየሁት፣ ሳይጎድል።

ማክሰኞ ጠዋት ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች መንገድ ዳር የተጣሉ ልጆች እንዳሉ ተናገሩ። ከጉተማ ጋር ወጣን። አራት ነበሩ። ሶስተኛው ወንድይራድ ነው። ደረቱ ላይ የተጻፈበት ካርቶን አንጠልጥለውበታል፤ የተኮስኩት ሸሚዝ በደም ደርቆ እንደ ቆዳ ሆኗል፤ ዝንቡ ዓይኑ ላይ ነው። አንድ ጠብመንጃ የያዘ ጎረምሳ ሸንኮራ እየመጠጠ፣ ምጣጩን ከአጠገባቸው እየተፋ ይጠብቃቸዋል።

«ዘመድ ነሽ?» አለኝ።

ጉተማ ክንዴን ጨመቀኝ።

«አይደለሁም» አልኩ።

«እንግዲያው ምን ይገትርሻል? እለፊ!»

አለፍኩ። እግሬ እሺ አለኝ፣ ሄደልኝ። ሰውነቴን የዚያን ቀን ያህል ንቄው አላውቅም።

እንዲህ ለተገደለ ማልቀስ ክልክል ነበር። በር ዘግተን ተቀመጥን። ሐሙስ ዕለት ወንድም አዱኛ ተደብቆ መጣ። ቆሎ ሰጠሁት። እየቆረጠመ ያጽናናኝ ጀመር።

«እህት ወርቅአየሁ፣ ጌታ የሰጠሽ ሰላም አልዋሸም። ልጁ ዛሬ በሰላም አርፏል። እኛ ያሰብንበት መንገድ ነው የተለየው እንጂ፣ መልሱ ያው ነው።»

ከንፈሩ ላይ የቆሎ ገለባ ተለጥፏል። ሲናገር ይነሳል፣ ይተኛል። ከዚያ ገለባ ላይ ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ።

«ወንድም አዱኛ፣ ያ ሰላም ከጌታ አልነበረም» አልኩት። «የራሴ ነው። ቤቴ እንደማይፈተሽ ስላሰብኩ ነው የመጣልኝ። ጉተማም እንደዚያው ነው። ይጠይቁት።»

ጉተማ መሬት መሬት አየ።

«እህቴ፣ ይህን የሚያናግርሽ ሐዘኑ ነው።»

«ቆሎውን ያስቀምጡና ይውጡልኝ።»

ወጣ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ብቻውን ሲንበረከክ ሰማሁት፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ነጅመዲን ከደሴ የተመለሰው ቅዳሜ ነው። እነሱ ቤት ገባሁ። ኩልሱም አቅፋኝ በነጠላዋ አፏን ይዛ አለቀሰች፤ እሱ ዓይኔን ማየት አልቻለም። እኔን ሲያነቃኝ ያደረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

«ኬላው ላይ ፈተሹህ?»

ነጅመዲን ሚስቱን አየ።

«አዎ» አለ። «ጆንያውን አንድ በአንድ ነው ያራገፉት። ቢኖር ኖሮ እዚያው ይይዙት ነበር፣ እኔንም ጭምር። ምንም ማድረግ አትችዪም ነበር።»

ያን ጊዜ ያ ሙቀት መጣ። ያው ራሱ፣ ደረቴ ላይ፣ እንደ ቀለጠ ቅቤ። ትከሻዬ ወረደ፣ እንባዬ መጣ። «ተመስገን» ልል አፌን ስከፍት አወቅኩት። ወንድሜ መንገድ ዳር ዝንብ ወርሮት ካየሁት ገና አራት ቀኑ ነው፤ ይህ ነገር ግን እኔ ከበደል መውጣቴን ሰምቶ ደስ ብሎት መጣ። ገላዬ ውስጥ የሚኖር ትል የነካሁ ያህል ዘገነነኝ።

«ወላሂ በል» አልኩት።

ነጅመዲን የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ያገላብጥ ጀመር።

«ወላሂ በልና ማልልኝ።»

«ተይው በናትሽ፣ ወርቅዬ» አለች ኩልሱም። «መንገድ አድክሞታል።»

«ይማልልኝና እተወዋለሁ።»

ነጅመዲን ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«አልፈተሹም» አለ። «ብርድ ነበር፣ እሳት እየሞቁ ነበር። ሲጋራ ለመኑኝ፣ ሁለት ሰጠኋቸው፣ በእጃቸው እለፍ አሉኝ። ከተቀመጡበት እንኳ አልተነሱም።»

ወጥቼ አጥሩ ስር አስመለሰኝ። ምንም ስላልበላሁ የሚወጣው መራራ ውሃ ብቻ ነበር። ከውስጥ ኩልሱም ባሏን ስትቆጣው ይሰማኛል።

«ምን አለበት ብትዋሻት? ምን ይጎድልብህ ነበር?»

«አስማለችኝ እኮ!» ይላል እሱ ድምፁ እየተቆራረጠ። «አልሰማሻትም? አስማለችኝ!»